ወላጅና ልጅ በሲ ቋንቋ፤ ከጀልዴሳ ሲታይ

የኮምፒዩተር ሰዎች ለሥራቸው ስም ሲያወጡ ከቤተሰብ መበደር ይወዳሉ። ወላጅ አለ፤ ልጅ አለ፤ ወላጅ አልባ አለ፤ ሞቶ ያልተቀበረም አለ። ይኸ ሁሉ የሚገኘው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ በሲ ቋንቋ ፕሮሰስ ስለ መፍጠር በሚያወራው ምዕራፍ። እኛ ተማሪዎች ምዕራፉን የምናውቀው በፈተና መልኩ ነው። «ፎርክ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ቢጠራ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰላም የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ይታተማል?» እንባላለን። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ብለን እንቆጥራለን፤ «ስምንት» ብለን እንመልሳለን፤ በቃ፣ አለፈ። እኔ ግን የጀልዴሳ ልጅ ነኝና ወላጅ፣ ልጅ፣ መጠበቅ የሚባሉት ቃላት እንዲህ በዋዛ አያልፉኝም። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ነገሩን ከሥሩ አብረን እንየው። ያልተማረው ይማርበታል፤ የተማረውም ከፈተናው ሌላ የሚያስብበት ያገኛል።

ፕሮግራም ዲስክ ላይ ተኝቶ ሳለ ጽሑፍ ነው። ተነሥቶ መሥራት ሲጀምር ፕሮሰስ ይባላል። ፕሮሰስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ አለው፤ የከፈታቸው ፋይሎች አሉት፤ አሁን የደረሰበት መስመር አለው፤ ከሌላው የሚለይበት ቁጥርም አለው። በዩኒክስና በሊነክስ ዓለም ፕሮሰስ ከሜዳ አይበቅልም። ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉ ቁጥር 1 የተባለውን ያስነሣል፤ ከዚያ ወዲያ የምናስነሣቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ከሌላ ፕሮሰስ የወጡ ናቸው። የሚወጡበትም በር ፎርክ የሚባለው ጥሪ ነው። ፎርክ በአገሩ ቋንቋ ሹካ ማለት ነው፤ መንገድ ለሁለት ሲከፈልም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ መንታ መንገድ እንለዋለን።

እንግዲህ የፎርክ ጉድ ይኸ ነው፤ የሚጠራው አንድ ነው፤ መልስ የሚቀበሉት ግን ሁለት ናቸው። ከመስመሩ በላይ አንድ ፕሮሰስ ነበር፤ ከመስመሩ በታች ሁለት አሉ። ልጁ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ አይነሣም፤ ወላጁ ከደረሰበት ከዚያችው መስመር ይቀጥላል። ወላጁ የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል፤ ወላጁ የከፈተው ፋይል ለሱም ክፍት ነው። የሚለያቸው የተቀበሉት መልስ ነው። ነገሩን በኛ ፊደል ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

ቁጥር = ፎርክ();
ቁጥር ከ0 ቢያንስ፦ አልተሳካም፤ ልጅ አልተፈጠረም።
ቁጥር 0 ቢሆን፦ እዚህ የሚሠራው ልጁ ነው።
ቁጥር ከ0 ቢበልጥ፦ እዚህ የሚሠራው ወላጁ ነው፤ ቁጥሩም የልጁ መለያ ነው።

ለምን ለልጁ ባዶ፣ ለወላጁ ቁጥር? የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሳቅ ይከተለዋል። መልሱ ግን የሚያስቅ አይደለም። ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ነው፤ በፈለገ ሰዓት «ወላጄ ማነው?» ብሎ መጠየቂያ ጥሪ አለው። ወላጅ ግን ልጆቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አሁን የወጣው የትኛው እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ካልተነገረው በኋላ ለይቶ ሊጠብቀው አይችልም። ስለዚህ ገና ሲለያዩ የልጁ ቁጥር በወላጁ እጅ ይቀመጣል። ቁጥሩን አንድ ቦታ መጻፍ የወላጁ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ይኸ መውለድ አይደለም። የተወለደ ሕፃን ምንም አያውቅም፤ በፎርክ የወጣው ልጅ ግን ሙሉ ትዝታ ይዞ ነው የሚወጣው። ይልቅስ አንድ መንገደኛ መንታው ላይ ሲደርስ ሁለት ሆኖ በሁለቱም ቢሄድ ይመስላል። እስከዚያች እርምጃ ድረስ ያለው ታሪክ የሁለቱም ነው፤ ከዚያች እርምጃ ወዲህ ያለው ግን የየራሳቸው። ወላጁ ፍየሎቼ ዐሥር ናቸው ብሎ መዝግቦ ከነበረ ልጁም ዐሥር ብሎ ይወጣል። ልጁ ሁለቱን ሸጦ ስምንት ቢል የወላጁ ዐሥር ዐሥር ነው፤ አይነካም።

ከርነሉ ደግሞ ብልህ ነው። ሁለቱ በተለያዩ ቁጥር የማኅደረ ትውስታውን ገጽ ሁሉ ወዲያው አይገለብጥም። ሁለቱ አንዱን ገጽ አብረው እያነበቡ ይቆያሉ፤ አንደኛው ሊጽፍበት እጁን ሲያነሣ ያን ጊዜ የዚያች ገጽ ቅጂ ይሠራል። በኛ አገር ወንድማማች ባልተከፈለ መንጋ ይኖራል፤ ወተቱ የጋራ ነው። አንዱ በግመሉ ላይ የራሱን ምልክት ላድርግ ያለ ዕለት ክፍያው ይጀመራል። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያስገርም ነገር አለ። ፕሮግራሙ ከፎርክ በፊት አንድ ቃል አትም ተብሏል፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። ቃሉ አንድ ጊዜ መታተም ሲገባው ሁለት ጊዜ ይወጣል። ምነው? ፕሪንትኤፍ የተሰጠውን ቃል ወዲያው አይናገርም፤ መስመሩ እስኪዘጋ ጎተራ ውስጥ ያቆየዋል። በዚህ መሀል ፎርክ ሲመጣ ጎተራው ከነቃሉ ይባዛል። ወላጁ ሲጨርስ ይናገረዋል፤ ልጁም ሲጨርስ ይናገረዋል። ወላጅ ያልተናገረው ቃል በልጅ አፍ ይወጣል ማለት ነው። ይኸን ሳይ እንደ ስሕተት አላየሁትም፤ የማውቀው ነገር መሰለኝ።

የፎርክን አመጣጥ ማወቅም ይጠቅማል። ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ ሰው በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ ለሁለት የሚከፈልበትንና ተመልሶ የሚገጥምበትን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስን ፒዲፒ-7 በምትባል አነስተኛ ማሽን ላይ ሲጀምሩ ፎርክ አልነበረም። ለያንዳንዱ ተርሚናል አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነበር፤ ተርሚናሎቹም ሁለት ነበሩ። ትእዛዝ የሚቀበለው ሼል የታዘዘውን ፕሮግራም በራሱ ላይ ይጭነውና እሱ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሼሉ እንደ አዲስ ይጫናል። አንድ ሰው እንግዳ ሲመጣ ቤቱን ለቆ ወጥቶ፣ እንግዳው ሲሄድ ቤቱን እንደገና እንደ መሥራት ነው። ፎርክ ሲገባ ሼሉ ልጅ አውጥቶ «አንተ ሂድና ሥራው፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» ማለት ቻለ። ሪቺ በኋላ ሲጽፍ ያ የመጀመሪያው ፎርክ በማሽን ቋንቋ 27 መስመር ብቻ እንደ ነበር ተናግሯል። ሲ ቋንቋ ራሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ በሲ እንደገና ተጻፈ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ተበላሸባቸው። ማውጫ መቀየሪያው፣ ዛሬ ሁላችንም ሲዲ የምንለው ትእዛዝ፣ መሥራት ተወ። ትእዛዙ ይሰጣል፤ ስሕተት የሚል የለም፤ ሰውየው ግን እዚያው የነበረበት ማውጫ ውስጥ ነው። ሲያዩት ለካ ቦታ የቀየረው ልጁ ነው። ሼሉ ልጅ አወጣ፤ ልጁ ወደ ሌላ ማውጫ ሄደ፤ እዚያው ሥራውን ጨርሶ ሞተ። ወላጁ ካለበት አልተነቃነቀም። መፍትሔው ያን አንድ ትእዛዝ ሼሉ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ሆነ። እኔ ይኸን ታሪክ ሳነብ ፈገግ አላልሁም። ልጅ አገር ሲቀይር ወላጅ ካለበት እንደማይነቃነቅ ከጀልዴሳ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና።

ጀልዴሳን የማታውቁ ብዙ ናችሁ። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ውስጥ የምትቆጠር ትንሽ ቦታ ናት። ስሟ በኦሮምኛ ዝንጀሮ ማለት ነው። ሶማልኛና ኦሮምኛ እኩል ይነገርባታል፤ እኔም በቤት ሶማልኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እያልሁ ያደግሁ ነኝ። ዛሬ ሲያዩዋት ደረቅ ወንዝ፣ ግራርና ፍየል ናት። ነገር ግን ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚሄደው የሲራራ መንገድ ዋና ማረፊያ ነበረች። ጨርቁ፣ ጨውና ጠመንጃው በዚያ ይወጣል፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ቆዳው በዚያ ይወርዳል። የኢሳ ግመሎች ከዘይላ በረሃውን አቋርጠው ጀልዴሳ ላይ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሐረር ተራራ የሚወጣው ጭነት ለሌላ ነጂና ለሌላ እንስሳ ይሰጣል። ግብጾች ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ሐረርን ይዘው ሳለ በጀልዴሳም ወታደር ነበራቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ኬላ ሆነች።

አያቴ የሚያወሩት ከአያታቸው የሰሙትን ነው። አያታቸው በዚያ መንገድ ግመል ነጂ ነበሩ። መንገደኛ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ አባን የሚባል ከጎሣው የሆነ ጠባቂ ይይዛል፤ አባኑም ለሰውየው ደኅንነት ተጠያቂ ነው። አያቴ ደጋግመው የሚነግሩን ስለ ጭነት ርክክቡ ነው። ጭነቱ ከአንዱ ግመል ወርዶ ለሌላው ነጂ ሲሰጥ ይቆጠራል። የሰጠው ሳይቆጥር አይሄድም፤ የተቀበለው ሳይቆጥር አያነሣም። «ተቆጥሮ ያልተሰጠ ጭነት ገና መንገድ ላይ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

የጀልዴሳ መንታ መንገድ የመጣው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በግንቦት 1889 ዓ.ም. እንግሊዞች ሬኔል ሮድ የተባለውን መልእክተኛ ልከው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋሉ። ከውሉ አንቀጾች በአንዱ ላይ ከዘይላ በጀልዴሳ አድርጎ ሐረር የሚገባው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም አገር ንግድ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ሆኖ እንዲኖር ተጻፈ። ጀልዴሳ በስም ተጠርታለች። ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ ፈቃዱ ቀደም ብሎ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ተሰጥቶ ነበር። ሐዲዱ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው ግን እንቢ አለ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሐዲዱ ወደዚያ መውጣቱን ትቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ቆመ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፤ በቆመበት ላይ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ግን የአገሬው ስም አሸነፈ፤ ድሬዳዋ።

ልብ በሉ፣ ድሬ በስም የወጣችው ከሐረር ነው፤ በሥራ የወጣችው ግን ከጀልዴሳ ነው። ኬላው፣ ማራገፊያው፣ ጭነት ከበረሃ ወደ ደጋ የሚሻገርበት ሥራ ሁሉ የጀልዴሳ ነበር። ድሬ ከባዶ አልጀመረችም፤ ጀልዴሳ ከደረሰችበት መስመር ነው የቀጠለችው። መልሱ ግን ተለያየ። ለአንዷ ከዚራና መጋላ፣ ጣቢያና ፋብሪካ፤ ለሌላዋ ግራርና ፍየል።

የዘይላው መንገድ ምን ሆነ? ማንም አልዘጋውም። ውሉ ላይ ክፍት ነው እንደ ተባለ ክፍት ነበር። የሚሄድበት ሲራራ ግን እየሳሳ ሄዶ አለቀ። በወረቀት አለ፤ በመሬት የለም።

አሁን ወደ ትምህርታችን እንመለስ፤ ለዚህ ነገር በሲ ቋንቋ ምዕራፍ ውስጥ ስም አለውና። ልጅ የሆነው ፕሮሰስ ሥራውን ሲጨርስ ኤግዚት ብሎ አንድ ትንሽ ቁጥር ትቶ ይሞታል። ማኅደረ ትውስታው ይመለሳል፤ ፋይሎቹ ይዘጋሉ። ከርነሉ ግን በሰንጠረዡ ላይ የልጁን መስመር አይሰርዝም። ለምን? የልጁን የመጨረሻ ቃል ገና ወላጁ አልተቀበለማ! ወላጁ ዌይት ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ መስመሩ ይቆያል። ይኸን ዞምቢ ይሉታል። የፕሮሰሶችን ዝርዝር በተርሚናል ስታዩ ዜድ የሚል ምልክት የተደረገበት እሱ ነው። ግደለው ብትሉ አይገደልም፤ የሞተ እንዴት ይገደላል? በሰንጠረዡ ላይ ግን ቁጥር ይዟል፤ ቁጥሩም ገደብ አለው። ልጆች እያወጣ የማይጠይቅ ፕሮግራም ብዙ ቀን ከሠራ ሰንጠረዡን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ለማንም አዲስ ልጅ ማውጣት አይቻልም።

መጻሕፍቱ ዞምቢን እንደ ቆሻሻ ያወሩታል፤ ጽዳ ይላሉ። በኔ አስተያየት ዞምቢ ቆሻሻ አይደለም፤ ያልደረሰ መልእክት ነው። ከርነሉ ምን እያለ እንደሆነ አስቡት እስቲ፤ «ልጅህ አልቋል፤ የተወው ቃል እኔ ዘንድ አለ፤ መጥተህ እስክትወስደው አልጥለውም።» ይኸ ሕግ በማሽን ውስጥ ካየሁት ሁሉ ሰብአዊ የሆነው ነው። ተቆጥሮ ያልተሰጠ ጭነት ገና መንገድ ላይ ነው ከሚሉት ከነዚያ ግመል ነጂዎችም አይርቅም።

ዌይት ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የቆመ መጠበቅ ነው። ወላጁ ዌይት ካለ በኋላ ልጁ ገና እየሠራ ከሆነ ወላጁ በዚያች መስመር ላይ ይቆማል፤ ሌላ ሥራ አይሠራም። ሁለተኛው ዌይትፒድ በሚባለው ጥሪ ላይ ኖሃንግ የሚባለውን ምርጫ ጨምሮ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ወላጁ «የልጄ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁ ገና ከሆነ 0 ይመለስለታል፤ ወላጁም ወደ ሥራው ይሄዳል። ቆይቶ እንደገና ይጠይቃል።

እኔ ሁለቱንም ያየኋቸው ሲን ከመማሬ በፊት ነው። የእናቴ ወንድም በ2004 ዓ.ም. ከጀልዴሳ ወጣ። በጅቡቲ አድርጎ ባሕሩን ሊሻገር ነበር። ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ደህና ነኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። አያቴ የመጀመሪያውን ዓመት በቆመ መጠበቅ አሳለፉት። ሰርግ አይሄዱም፤ ፍየል አይሸጡም፤ ቤቱን እናድስ ቢባል «እሱ ይምጣና» ይላሉ። ሁሉ ነገር በአንዲት መስመር ላይ ቆመ። ለቅሶም አልተቀመጡ፤ ሞቷል ያለ የለማ።

በኋላ ግን ፍየሎቹ መጠማታቸው አልቀረም፤ የልጅ ልጆችም መጡ። አያቴ የመጠበቂያቸውን ዓይነት ለወጡ። ከጅቡቲ በኩል መኪና ሲመጣ፣ መንገደኛ ሻሂ ሊጠጣ ሲቀመጥ ቀረብ ይላሉ። የሰውየውን ጎሣና የመጣበትን ቦታ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው የልጃቸውን ስም ይጠራሉ። ሰውየው ራሱን ይነቀንቃል። «እሺ ልጄ፣ መንገዱን ያቅናልህ» ይሉና ወደ ፍየሎቻቸው ይመለሳሉ። አያለቅሱም፤ አይቆሙም። በሚቀጥለው መኪና ደግሞ ይጠይቃሉ። ኖሃንግ የሚባለውን ነገር አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍልን፣ አጠገቤ ያለው ልጅ «አቦ ይኸ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? አያቴን ታውቃቸዋለህ ወይ ልበለው?

በማሽኑና በኛ መሀል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በማሽኑ ውስጥ ልጅ የትም ይሂድ፣ እንዴትም ይሙት፣ በሰው ትእዛዝም ይገደል፣ በራሱ ስሕተትም ይውደቅ፣ ከርነሉ አወዳደቁን ይመዘግባል። ወላጅ ከጠየቀ ያገኛል። በባሕሩ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም። አያቴ በየመኪናው የሚቀበሉት መልስ ሁልጊዜ 0 ነው፤ ገና ማለት ይሁን፣ መዝጋቢ የለም ማለት ይሁን፣ የሚለይላቸው የለም። እኛ የማሽኑን ሕግ ለፈተና ስናጠና ያ ሕግ ስንት እናት የምትመኘው ነገር እንደሆነ ብናስብ ክፉ አይሆንም።

ወላጅ አልባው ደግሞ አለ። ወላጁ ቀድሞ ከሞተ ልጁ አይሞትም፤ ሥራውን ይቀጥላል። «ወላጄ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መልሱ ተለውጦ ያገኘዋል። በልማዱ ቁጥር 1 ተብሎ ይመለስለታል፤ ማሽኑ ሲነሣ የተነሣው ያ የመጀመሪያው ፕሮሰስ ልጄ ብሎ ይቀበለዋል። ዛሬ በአንዳንድ ሊነክስ ላይ ለዚህ የተመደበ ሌላ አሳዳጊ ቀድሞ ሊቀበለው ይችላል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ የሌሎችን ልጆች እየተቀበለ ሲያልቁ ዌይት ማለት። ዞምቢ የሆኑትም ቢሆኑ ወላጃቸው ሲሞት ወደዚሁ ያልፋሉ፤ እሱም መልእክታቸውን ተቀብሎ መስመራቸውን ይዘጋል። ድሬዳዋ ለብዙዎቻችን እንዲህ ናት። ባቡር ያመጣው፣ ድርቅ ያመጣው፣ ትምህርት ያመጣው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል የገባባት ከተማ ናት። የተቀበለችን ግን የወጣንበትን ቦታ አታውቀውም፤ ቁጥር 1 ደግ አሳዳጊ ነው እንጂ የልጁን የፍየል ቁጥር አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ተራው የድሬ ሆኗል። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ድሬ ለብዙ ዘመን በባቡር ፉጨት የኖረች ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን በአሮጌው ጣቢያ በኩል አያልፍም፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ጀልዴሳ ለድሬ ወላጅ እንደ ነበረች ድሬም በፋንታዋ ወላጅ ሆነች። ለዚህ ነው ነገሩ ዛፍ የሚባለው፤ ልጅ የነበረው ሁሉ ነገ ወላጅ ይሆናል።

እኛ ተማሪዎች እንግዲህ በየትኛው መስመር ላይ ነን? ከየቤታችን በፎርክ የወጣን ነን። የወላጆቻችንን ትዝታ ይዘን ወጥተናል፤ ያልተናገሩት ቃልም በጎተራችን አለ። ቁጥራችን በእጃቸው ነው፤ ዛሬ የስልክ ቁጥር ነው። የምንመልስላቸው ግን ምንድር ነው? በዩኒክስ ልጅ ሲያልቅ ለወላጁ የሚተወው ቁጥር ከ0 እስከ 255 ያለ ብቻ ነው። 0 ማለት ሁሉ በሰላም አለቀ ማለት ነው፤ ሌላው ቁጥር ችግር እንደ ነበረ ይናገራል። ሙሉ ሕይወት ሠርቶ አንዲት ትንሽ ቁጥር! የኛም ስልክ እንዲሁ ነው። እናቴ ትደውላለች፤ «እንዴት ነህ?» ትላለች፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ይዘጋል። 0 ብያለሁ ማለት ነው። እሷም ሌላ አትጠይቅም፤ ያቺ 0 መምጣቷ ብቻ ይበቃታል። ያቺን ያላገኘች እናት አብራት ትኖራለችና ዋጋዋን ታውቃለች።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ፎርክ ስትጽፉ ሦስቱንም መልስ ተመልከቱ፤ ከ0 በታች፣ 0፣ ከ0 በላይ። ወላጁና ልጁ ማን ቀድሞ እንደሚሠራ አትገምቱ፤ ማሽኑ ቃል አልገባላችሁም። ልጁ ሌላ ፕሮግራም የሚሆን ከሆነ ኤክዜክ በሉና ልብሱን ይለውጥ፤ ቁጥሩ ግን ያው እንደሆነ አስታውሱ። ከሁሉ በኋላ ዌይትን ጻፉ። ያለ ዌይትም ፕሮግራሙ ይሠራል፤ በፈተናው ላይም ምናልባት ማንም አያየው ይሆናል። ልጁ ግን አልቆ፣ ቃሉን ትቶ፣ የሚቀበለው አጥቶ በሰንጠረዡ ላይ ይቆማል። ፎርክ ሲወለድ 27 መስመር ነበር። ዌይት በናንተ ፕሮግራም ውስጥ አንድ መስመር ነው። ያቺን አንድ መስመር አትዝለሏት።